አለቃችሁ ይደውል

ባለፈው ሰሞን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በባጃጅ ስሄድ ስልኬ ጢን አለ። የወንበሩ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ውሎ ጭኔን ያቃጥለኛል፣ የዛፎቹ ጥላ ፊቴ ላይ ይመጣል ይሄዳል፣ እኔም በጎ ነገር መስሎኝ ስልኩን ከፈትኩት። የድሮ ትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ቻናል ነው። ዳይሬክተራችን በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ፍሬም ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት ደረቱ ላይ ደግፎ ቆሟል። ከሥሩ «በወረርሽኙ ወቅት የትምህርት ቤቱን ማኅበረሰብ በቴክኖሎጂ አስተሳስረው ላቆዩ» የሚል ተጽፏል።

«አቦ!» ብዬ ጮህኩ። ባለባጃጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

«ምነው እህቴ፣ አሳለፍኩሽ እንዴ?»

ንዳው አልኩት።

አንቺ ያን ጊዜ ድሬ አልነበርሽም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። ካልነገርኩሽ ያ ሰውዬ እውነትም እኛን ያስተሳሰረን ይመስልሻል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት ደስ ነው ያለን፣ ምን ያስዋሸኛል። ለጥቂት ቀን ነው ተባለ። ጥቂቱ ቀን እየተለጠጠ ሄዶ ክረምቱን ያዘ። በየበሩ ጀሪካን ተሰቀለ፣ ከተማው በረኪና በረኪና ሸተተ፣ እናቴ ብርቱካን ሳይቀር በበረኪና እያጠበች ታበላን ጀመር። ሙቀቱ እንዳለ ነው፤ ማስክ ደግሞ ተጨመረበት። መጀመሪያ ያስቦረቀን ነገር ቆይቶ ደረታችን ላይ ተቀመጠ። በተለይ ለእኛ፣ ፈተናው ከፊታችን ለተደነቀረው።

ዳይሬክተራችን ታዲያ ቻናል ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ፎቶውን ለጠፈ። በማግስቱም ፎቶውን ለጠፈ። ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ፣ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ደርድሮ ካሜራ ካሜራ ያያል፤ ስክሪኑ ግን ድርግም ያለ ጥቁር ነው። ሰውየው በጠፋ ላፕቶፕ ይጽፋል! «ውድ ተማሪዎቼ፣ ርቀታችንን ጠብቀን እንቀራረብ» ይላል ከሥሩ። ኖት የለ፣ ጥያቄ የለ፣ መልስ መጻፍ አይቻል። እሱ ይናገራል፣ እኛ አውራ ጣት እንሰጣለን። አንድ ቀን ደግሞ «ለሚለጠፉ መልእክቶች አውራ ጣት ያልሰጠ ተማሪ ከትምህርት ገበታው እንደቀረ ይቆጠራል» አለ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ወላሂ ቀልድ አልነበረም። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንዳልሰጠ ለይቶ ማየት መቻሉንም እንጃ፤ ብቻ ጣቱ ሲበዛ ትምህርት ቤቱ የሞላ ይመስለው ነበር።

ከክፍላችን ብዙው ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ አልነበረውም። ያለን ደግሞ ካርድ የለንም። ዘዴውን ያመጣው የክፍላችን አለቃ ነው፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ አፉ የማያርፍ የሶማሌ ልጅ። ሚስኮል! በአመሻሹ፣ የመግሪብ አዛን ሲል፣ ክፍል ውስጥ በምንቀመጥበት ተራ እያንዳንዳችን ለሚቀጥለው ሰው አንዴ አስጮኸን እንዘጋለን። አለሁ ማለት ነው። ካርድ አይበላም። ሚስኮሉ የቀረበት ሰው ካርድ ለምኖም ቢሆን ይደውላል፣ ካልሆነም ሄዶ በር ያንኳኳል። የታመመ እናት ያለው በዚህ ታወቀ፣ መጽሐፍ ያጣው በዚህ ተገኘ፣ ኖት የጻፈው ላልጻፈው በሚኒባስ ላከ። እኔ ግቢያችን ውስጥ ውሃ የተረጨበት አፈር እየሸተተኝ እቀመጣለሁ፤ አዛኑ ከየአቅጣጫው ይነሳል፣ ስልኬ አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። ያኔ አንጀቴ ርስ ይል ነበር። ያን የመሰለ ትምህርት ቤት ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ለእኔ ሚስኮል የምታደርገው ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። ከድሬ ወጣ ያለችው የቢዮ አዋሌ ገጠር ልጅ ነች፤ ትምህርት ሲኖር ከተማ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፣ ሲዘጋ ወደ አባቷ ተመለሰች። ከክፍላችን አንደኛ ትወጣ የነበረችው እሷ ናት። እኔ ያለፍኩትን ፈተና ሁሉ ያለፍኩት በእሷ ጥናት ነው ብልሽ አላጋነንኩም። ስልክ የላትም፤ በአባቷ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር የምታስጮኽልኝ።

አንድ ምሽት ሚስኮሏ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ለእሷ የሚያስጮኸው አለቃችን ነበርና ሄጄ ያዝኩት።

«እኔ አስጩኼላታለሁ» አለ፣ ዓይኑን እየሰበረ። «ግን አንድ ሰውዬ መልሶ ይደውልልኛል።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ሄሎ አልኩና ዘጋሁበት።»

«ለምን ትዘጋለህ?»

«ፈራሁ፣ አቦ!»

ያን ሰሞን የፈተና ምዝገባው ተጀምሮ ነበር። የታወጀው በዚያው በቻናሉ ብቻ ነው፤ ተማሪው በአካል መጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይመዘገባል፣ ማብቂያው ዓርብ። ያልተመዘገበ አይፈተንም። እሷ ይህን የምትሰማበት መንገድ የለም። እኔና አለቃው ሚኒባስ ላይ ወጥተን ቢዮ አዋሌ ሄድን።

አባቷን ሱቁ ውስጥ አገኘነው። ሱቁ ሽንኩርትና ላምባ ይሸታል። እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ስኳር ትመዝናለች፤ ስታየን ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። አለቃችን በሶማሊኛ ሰላምታውን እንደጀመረ አባቷ እጁን አንስቶ አስቆመው።

«ዋር፣ አንተ ልጅ! ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ።»

ልጁ አመድ መሰለ። አባቷ ለእኔም እንዲገባኝ ብሎ ነው መሰል ወደ አማርኛ ዞረ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። ስልክ ጮኾ ሲቋረጥ ደንበኛ ነው ብዬ እደውላለሁ። ወንድ ልጅ ሄሎ ይላል፣ ይዘጋል። በየቀኑ በአዛን ሰዓት! ሴት ልጅ ያለው ሰው ምን ብሎ ያስብ? ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት።»

ዘዴያችንን፣ ተራውን፣ አለሁ ማለታችን እንደሆነ፣ ምዝገባውን ሁሉ እየተሻማን ነገርነው። እሱም ሰማን፤ እስከ መጨረሻው ሰማን።

«ትምህርት ቤት በሚስኮል ይጣራል?» አለ። «እናንተ ልጆች ናችሁ። ትምህርት ቤቱ ልጄን ከፈለጋት ትልቅ ሰው ይደውል። አለቃችሁ ይደውል። ያን ቀን ራሴ ይዣት እመጣለሁ።»

ምን ትይዋለሽ? ሰውየው እውነቱን ነው። ስንወጣ እሷ እስከ በሩ ሸኘችንና ቀስ ብላ፣ «ይደውልለት፤ አባቴ ካለ አለ ነው» አለችኝ።

ከቢዮ አዋሌ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድን። ዳይሬክተሩ ባዶው ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥቶ ስልኩን ይነካካል። «ቲቸር፣ አንድ ስልክ ብቻ» አልነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳነው።

«እኔ ለአንድ ለአንድ ተማሪ ስደውል ልውል ነው? ቴክኖሎጂ ለምን ተፈጠረ?»

«ቲቸር፣ ቴሌግራም የላትም።»

«ታውርዳ!»

«ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፣ ደግሞም የአባቷ ነው።»

የአባቷን ቁጥር ራሴ ስልኬ ላይ ጽፌ፣ መደወል ብቻ ሲቀረው ዘረጋሁለት። ካርዱም የእኔ ነው። ሰውየው እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሸሸ። «ስልክ አንቀባበልም! ፕሮቶኮል አለ!» ብሎ ከኪሱ ሳኒታይዘሩን አውጥቶ ያልነካሁትን እጁን አሸ። ከዚያ በትልቅ ሰው ድምፅ፣ «እኔ እለጥፈዋለሁ፣ ሂዱ» አለን።

እውነትም ለጠፈው። ከግቢው በር ሳንወጣ ስልኬ ጢን አለ። «ተማሪ እገሊት፣ በአስቸኳይ ለትምህርት ቤቱ ሪፖርት እንድታደርጊ እናሳስባለን።» ቴሌግራም የላትም ያልነውን ልጅ በቴሌግራም ጠራት! የጅል ሥራ ብልሽ ጅል ይቀየመኛል። አውራ ጣቱ ደግሞ እንደ ጉድ ዘነበ፤ የሁላችንም ጓደኞች፣ ምን እንደተጻፈ እንኳ ያላነበቡ፣ እንደቀሩ እንዳይቆጠሩ ፈርተው።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ነገሩን ሰምታ፣ «ትልቅ ሰው ነው ያለው? እኔ ታዲያ ምንድነኝ?» ብላ ስልኩን ነጠቀችኝ። ሶማሊኛዋ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም፤ ግን ምን ገዷት። «ሰላም አለይኩም ወንድሜ! እኔ የልጅዎ የጓደኛዋ እናት ነኝ!» እያለች ትጮሃለች፣ ስልኩ ባይኖርም ቢዮ አዋሌ ድረስ ይሰማ ነበር። የአለቃችን አያት ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደወሉ። እሳቸው በሶማሊኛ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያሉ ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ቆይተው ከአባቷ ጋር ተዛመዱና «ያ የዘጋብህ ልጅ የእኛው ነው፣ ፈሪ እንጂ ባለጌ አይደለም» ብለው መሰከሩ። ከዚያ የሌሎቹ ወላጆች በልጆቻቸው የወንበር ተራ ቀጠሉ። በኦሮምኛ የደወለች እናት አለች፣ የሐረሪ ነጋዴ አባት አለ። ሲመሽ አባቷ ለእናቴ መልሶ ደወለላት።

«ይህ ሁሉ ሰው ልጄን ያውቃታል እንዴ?» አላት። «ነገ፣ ኢንሻአላህ።»

ነገ ማለት ዓርብ ነው። ማብቂያው። ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሞኝ!

አባቷ የኢድ ሽርጡን አድርጎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። እሷ መጻሕፍቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ዳይሬክተሩ ከቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ተቀበለን፤ ግቡ እንኳ አላለም።

«ምዝገባው ትናንት ተጠናቋል። በቻናሉ ገልጫለሁ።»

እውነት ነው፣ ገልጿል። ማብቂያውን በአንድ ቀን ስቦት ኖሯል። እኛ ወላጅ ስናስደውል ቻናሉን ማን ያየዋል?

«ማብቂያው ዓርብ ነው ብለውኛል» አለ አባቷ።

«እኔ እኮ ጠርቻታለሁ፣ ይኸው!» ዳይሬክተሩ ስልኩን በሩቁ አሳየው። አባቷ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይህ ምንድነው?»

«አውራ ጣት ነው። ተማሪዎቻችን ናቸው፤ ሁሉም ተከታትለውታል።»

አባቷ ቀና አለ። «ከዚህ ሁሉ ጣት» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ስልክ የሚደውል አንድ ጠፋ?»

ዳይሬክተሩ ሲስተሙ ተዘግቷል አለ። ቁልፉ በእሱ እጅ እንዳልሆነ፣ የበላይ አካል እንዳለ፣ ለሚቀጥለው ዓመት መመዝገብ እንደሚቻል ተናገረ። ትናንት ዘርግቼለት የሸሸው ስልክ ያ ቁልፍ እንደነበር ግን አልተናገረም። ናቅኩት። አሁንም እንቃለሁ። ሰው ክፉ ሆኖ ቢበድል እንኳ ክፋቱ የሆነ ክብደት አለው፤ ይህ ግን ስንፍናውን ሱፍ አልብሶ ነው የበደለን።

የሚቀጥለው ዓመት የሚባለው መጣ፤ እሷ ግን አልመጣችም። አባቷ ሲታመም ሱቁ ላይ ቀረች፣ ኋላም ተዳረች። ደህና ናት ይሉኛል።

ያን ዓርብ ግን እንዲህ ተለያየን። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፣ አባቷ ከጎኗ። እኔ ውጭ፣ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ልታለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ባዮሎጂ የት ደረስሽ?» አለችኝ።

«ናይትሮጅን ሳይክል።»

«እኔ እዚያ አልደረስኩም። ንገሪኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ጀመርኩላት። ናይትሮጅኑ ከአየር እንዴት እንደሚወርድ፣ አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ምን እንደሚያደርጉት፣ ነገርኳት። ረዳቱ «ሳብ!» ብሎ በሩን ወረወረው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን እየሄድኩ፣ ኋላም እየሮጥኩ እነግራታለሁ። እሷም ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳ፣ አንገቷን አውጥታ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ትሰማኛለች፣ እንደሚፈተን ሰው።