የጎበዜ መዶሻ ዝም ያለበት ቀን

ጎበዜ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ሃያ ዓመት ማጭድና ማረሻ የቀጠቀጠ ሰው ነው። የፎገራን ሩዝ በእሱ ማጭድ አጨድን ብል አላጋነንሁም። እንዲያም ሆኖ በማኅበርም በድግስም የሚጠራው የለም፤ ቀጥቃጭ ነዋ። እኔም ጎረቤቱ ሆኜ ጠርቼው አላውቅም።

ያየህ እባላለሁ፤ ዘበኛ ነኝ። የምጠብቀው ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ከጎበዜ ቤት አለፍ ብሎ የተከሉትን፣ የምድርን መግነጢስ የሚለካ መሣሪያ ነው። ብረት አይወድም። ቁልፌን እንኳ አጥሩ ላይ ሰቅዬ ነው የምገባው።

ዓምና ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ወጣት ባለሙያ መዝገቡን ይዞ መጣ። ግንቦት ሦስት ቀን መሣሪያው ያሰመረው መስመር ቁልቁል ወርዶ ተዘበራርቋል።

"እዚህ አካባቢ ብረት የሚነካ ማን አለ?" አለኝ።

"ጎበዜ ነዋ" አልሁት። አላሰብሁበትም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። በወሩ ቀበሌው የጎበዜን ምድጃ አስነሣው። ለምን ያለ ሰው አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉንና መዶሻውን በአህያ ጭኖ ወደ አንበሳሜ ከተማ፣ ወንድሙ ዘንድ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም።

ዘንድሮ ሰብለ ወንጌል የምትባል ተማሪ መጣች። የዓምናውን መስመር አየች፤ በቀጥቃጭ እንደተመካኘ ስነግራት "ጋሼ፣ ይኼ የሰው ሥራ አይደለም" አለችኝ። የፀሐይ ማዕበል ነው አለች። ምድርን በሩቁ የከበበ የመግነጢስ አጥር አለ፤ ኤሌክትሪክ ያዘሉ፣ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች እዚያ ታስረው ይኖራሉ። ማዕበሉ አጥሩን ሲያናውጠው ቅንጣቶቹ ኃይል አግኝተው ገሚሱ ወደ ምሥራቅ፣ ገሚሱ ወደ ምዕራብ ምድርን ይዞራሉ። ዙረታቸውም እኛ ጋ ያለውን መግነጢስ ያዳክመዋል። ያን ቀን መስመሩ የወረደው በሌላም አገር ነው።

"ለመሆኑ ያን ቀን እዚህ ብረት ተቀጥቅጦ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

አልተቀጠቀጠም። ግንቦት ሦስት የጎበዜ ሚስት ስመኝ የተቀበረችበት ቀን ነው። መቼም ከቀብር አይቀርም፤ አካፋ ይዘው አፈር ካለበሷት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልጅቱ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፈች። እነሱም ይመለስ አሉና ነግሬው እንድመጣ እኔኑ ላኩኝ። ጎበዜን አንበሳሜ ማጭድ ሲስል አገኘሁት። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፣ የሰማይ ነገር ነው፣ ተመለስ ብለዋል አልሁት። ስለ ሰማዩ አልጠየቀኝም።

"ስመኝን ስንቀብር አብረኸኝ ነበርህ" አለኝ።

"ነበርሁ።"

"ሲጠይቁህ ታዲያ ይኼን አልነገርሃቸውም?"

"አልታወሰኝም" አልሁት። እውነቴን ነው።

"እንግዲያማ አልመለስም" አለኝ።