ቡዮቱር ሞተሩን ያጠፋ ቀን

እዚህ ሳይቤሪያ፣ ያኩቲያ ብርዱ አንዴ ከገባ የናፍጣ መኪና አይጠፋም። ካጠፋኸው ናፍጣው እንደ ቅቤ ይረጋል፤ እስከ ሚያዝያ ማንም አያስነሳልህም። ስለዚህ ሹፌሩ ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ለቅሶ ሲደርስም ሞተሩ ደጅ ይንዶቀዶቃል።

የቡዮቱር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ በጭነት መኪናው ከሰል የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ቤቱ ከሐይቁ ማዶ፣ ወሬው ሁሉ ጎማ። ልቡ ግን ጎረቤቴ ኦግዶ ጋ ነበር። ኦግዶ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት፤ እሷም ባሏን የቀበረች፣ ምላሷ እሳት የሆነ ሴት። በየቅዳሜው ደጇ ላይ ያቆምና ሞተሩን እንደተነሳ ትቶ ይገባል። እኔም ቅዳሜ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።

ሻይ እየጠጣ «ላግባሽ» ሊል አፉን ሲከፍት የሞተሩ ድምፅ ይለወጥበታል፤ እየሮጠ ይወጣል። አንዴ ጨክኖ ተናገረ። ኦግዶ በዚያ ጩኸት ምኑን ትስማ! ስኳር የጠየቃት መስሏት አቀበለችው። ስኳር አይወድም፤ ግን ሦስት ማንኪያ ጨምሮ ጠጣው። ሲነግረኝ በሳቅ ፈረስኩ።

ጥር ላይ፣ ብርዱ በጠናበት ቅዳሜ፣ ኦግዶ በሩን ዘግታ ቆመች።

«ስማ ቡዮቱር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚገባ ሰው ሊሄድ የመጣ ሰው ነው። መንገደኛ ማስተናገድ ሰልችቶኛል። ወይ አጥፋና ግባ፣ ወይ በዚያው ንካው።»

በአጥሬ በኩል አያለሁ። ምስኪን፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ቀረ። መኪናዋ እንጀራው እኮ ናት! ከጠፋች ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈት መሆኑ ነው። በመጨረሻ ቁልፉን አዞረ።

ሰፈሩ ጭር አለ። ሚስቴ ቡዮቱር የሞተ መስሏት ሻሿን አስራ ለለቅሶ ወጣች።

ባትሪ ውጭ ካደረ አይተርፍም፤ ፈትቶ እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ኦግዶ ከአልጋዋ ስር አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ይኸው አሁን እሰማሃለሁ። ተናገር።»

በዚያ ጸጥታ ሰውየው ላብ አጠመቀው። «ስኳር... ስኳር አለሽ?» አለ።

በዚያ ብርድ በእግሩ የት ይሄዳል? አደረ። በማግስቱም ብርዱ አልቀነሰም። እንዲህ እንዲህ እያለ እንጨቷን ሲፈልጥ፣ በረዶ ቆርጦ ለውሃ ሲያቀልጥላት ከረመ። ያቺን ቃል ግን አልተነፈሳትም። ሰፈርተኛው ሲያሾፍባት ኦግዶ «መኪናው እኮ ነው እምቢ ያለው» ትላለች።

ሚያዝያ ገባ፤ ናፍጣው ሟሟ። ቡዮቱር ባትሪውን አስሮ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። ኦግዶ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ዕቃዬን ላመጣ» አለ፤ ጆሮው ቀላ። «እሺ ካልሽኝ።»

ኦግዶ ሊጡን ከጣቷ ጠረገች።

«እንግዲያው እዚያ ስትጭን ሞተሩን እንዳታጠፋ» አለችው። «የምታጠፋው እዚህ ነው።»