ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ማቀዝቀዣ

የካ አባዶ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ተጠግቶ የተሠራ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። ለተመራቂ ተማሪዎች ጋዋን የሚሰፋበት ቤት ነው። መጋቢት ላይ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ ከታች ደግሞ የካውያ እንፋሎት ሲነሳ፣ ውስጡ ለሰው አይሆንም። ባለቤቲቱ ይህን አይተው ጣሪያው ላይ አየርን በውሃ የሚያቀዘቅዙ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች አስተክለዋል፤ አንዱ በልብስ ሰፊዎቹ በኩል፣ ሌላው በካውያው በኩል። የካውያው በኩል ያለው አስቸግሯቸው ነው እኔንና ባልደረባዬን የጠሩን።

ባልደረባዬ የእንጦጦ ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ናቸው፤ ቤተሰቧ ከጫካው ሥር የኖረው ከጥንት ነው። ኤሌክትሮኒክሱን ኮሌጅ ተምራዋለች፤ ትዕግሥቷን ግን ከቤቷ ያመጣችው ይመስለኛል። አብረን መሥራት ከጀመርን ጀምሮ ማሽን ስትመታ ወይም ስትራገም አይቻት አላውቅም። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

ባለቤቲቱ በልጅነታቸው ከደቡብ መጥተው በንግድ ያደጉ፣ ድምፃቸው አዳራሹን የሚሞላ ሴት ናቸው። ሠራተኞቹ እትዬ ነው የሚሏቸው። ቆመው ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ማሽኑ በደህና ይሠራና ድንገት ይቆማል፤ ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያም የስህተት ምልክት ያወጣል። ሌላ ባለሙያ መጥቶ የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ተቃጥሏል ብሎ ቀይሮላቸው ነበር። ትንሽ ሠርቶ ያው ሆነ። ዳግመኛ ሲጠሩት፣ መቆጣጠሪያውን ደጋግሞ የሚነካካ ሰው ስላለ ነው ቦርዱ የሚቃጠለው አላቸው።

መቆጣጠሪያው የተሰቀለው በካውያ የምትተኩሰው ሴት ራስ አጠገብ ነበር። ስፌት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያለች ሠራተኛ ናት። እትዬ በሰው ሁሉ ፊት ተቆጧት፤ መቆጣጠሪያውንም በእንጨት ሳጥን አስቆልፈው ቁልፉን ወገባቸው ላይ አሰሩት። ይህን ሲነግሩን ሴትዮዋ እየሰማች ነበር። ቀና አላለችም፤ የጋዋኑን እጅጌ ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

ምልክቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሁለት ቦርዶች አሉ። አንዱ ከግድግዳው ትእዛዝ ይቀበላል፣ ሌላው ማራገቢያውን ያሽከረክራል። በመካከላቸው ቀጭን ሽቦ አለ፤ የሚነጋገሩት በእሱ ነው። አንዱ ተናግሮ ሌላው ካልሰማ ማሽኑ ለጥንቃቄ ራሱን ያጠፋል። እኔ ማራገቢያውን የሚነዳው፣ ያው አንዴ የተቀየረው፣ እንደገና ይቀየር ባይ ነበርኩ።

«አዲስ ቦርድ እንዲህ ቶሎ አይሞትም» አለች ባልደረባዬ። «ሲቆም ልየው መጀመሪያ።»

ከዚያ እትዬን መቼ መቼ እንደሚቆም ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጠዋት ችግር እንደሌለው፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ተመልሰው ሙቀቱ ሲብስ ግን፣ እንዲያውም በጣም ሲፈለግ፣ እንደሚከዳቸው ነገሩን። ተቃጠለ የተባለውን ቦርድ ጥለውት እንደሆነም ጠየቀች። አልጣሉትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር።

ጣሪያ ላይ ወጣን። መብራቱን ለካን፤ ደህና ነው። የሽቦውን መሰኪያዎች ነቅለን አየን፤ ደረቅ ናቸው፣ ዝገት የለባቸውም። ሽቦውን ራሱን በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞከርነው፤ አልተቆረጠም። ማሽኑም እንደ ምንም ሆኖ ይሠራል። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምሳ ሳይደርስ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄድ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ የማሽኑ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። ምሳችንንም እዚያው በላን።

እትዬ ከሶላት ሲመለሱ የሳጥኑ ቁልፍ ሲከፈት ከታች ተሰማን። ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ጨመሩት። ማራገቢያው አጓራ፣ የማሽኑ ገላ ተንቀጠቀጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ። ባልደረባዬ መብራቱን አጥፍታ ሽቦውን እንደገና ለካችው። ደህና ነው።

«ቆሞ ስንለካው ጤነኛ ነው» አለችኝ። «የሚታመመው ሲሮጥ ነው።»

በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲያስነሱልን ነገረቻቸው፤ ሠራ። ከፍ ሲል ቆመ። ያን ጊዜ ከቦርሳዋ ሌላ ሽቦ አወጣችና በአሮጌው መንገድ ሳታሳልፍ፣ በአየር ላይ አንጠልጥላ ከቦርድ ቦርድ አገናኘችው። ማሽኑ በሙሉ ፍጥነት ተነሣ። የባሕር ዛፎቹ ጥላ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ጠበቅን፤ አልቆመም። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አጥፍታ አዲሱን ቦርድ ፈታችና በጨርቅ የተጠቀለለውን አሮጌውን ገጠመችው። እሱም ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ አሮጌውን ሽቦ ጎትታ አወጣችና ምስር እንደሚለቅም ሰው ቀስ ብላ በጥፍሯ ዳሰሰችው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ሽቦው በብረቱ ቀዳዳ የሚያልፍበት ጋ ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ያብለጨልጫል። ቀዳዳው ላይ መግባት የነበረበት ጎማ ሲተከል አልገባም። ማሽኑ በኃይል ሲንቀጠቀጥ መዳቡ ብረቱን ይነካል፣ ንግግሩም ይቋረጣል፤ ሲቆም ደግሞ ይለያያሉ። ቴስተራችን ያላገኘው ለዚህ ነው። ከውሃ ጎማ ቆርጠን ቀዳዳውን አለበስን፣ አዲሱን ሽቦ አሳልፈን አሰርን። ሌላኛውንም ማሽን ከፈትነው፤ ያው ነው፣ ሽቦው መፋቅ ጀምሯል። እሱንም አስተካከልን።

እኔ ካቻቢቴና ፒንሳዬን ስሰበስብ እሷ የተፋቀውን ሽቦ ይዛ ወረደች። ተከትያት ስወርድ፣ የሄደችው በቀጥታ ወደ ካውያው ጠረጴዛ ነው። እትዬን እዚያ ጠርታ ነገሩን በዝግታ አስረዳቻቸው።

«ቦርዱ አልተቃጠለም ነበር፣ እትዬ። አሁን እላይ እየሠራ ያለው ያ አሮጌው ነው። ጥፋተኛዋ ይህችው ሽቦ ናት። መቆጣጠሪያውን ቀኑን ሙሉ ቢነካኩት ይህን አያመጣም።»

እትዬ ሽቦውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እኔ ፈራሁ፤ በሠራተኞቻቸው ፊት መታረም የሚወዱ አይመስሉም ነበር። እሳቸው ግን ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን እንዲያቆሙ በእጃቸው ምልክት ሰጡና አዳራሹ ጭጭ ሲል ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ያላጠፋሽውን ለጥፌብሽ ከረምኩ» አሏት። ያ ትልቅ ድምፅ ዝቅ ብሏል። «የወቀስኩሽ በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይቅር በዪኝ።»

ሴትዮዋ ካውያዋን አቆመች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከዚያ መለሰች።

«ሙቀቱንስ ችዬው ነበር። ቁልፉን ወገብዎ ላይ ሳየው ነው ያቃተኝ።»

እትዬ አልተከራከሩም፣ ምክንያትም አልደረደሩም። ካቻቢቴ ስጠኝ አሉኝ። ልፍታልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ወንበር ላይ ወጥተው ብሎኑን አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው ፈተው ሳጥኑን አወረዱት። ሴትዮዋ እንዳይወድቁ ወንበሩን ይዛላቸው ነበር። ስንት አለቃ አይቻለሁ፤ ሲሳሳት እንዲህ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ወደ መገናኛ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ባልደረባዬን፣ ጥገናውን ከጨረስን በኋላ ያን ሁሉ ማስረዳት ለምን እንዳስፈለጋት ጠየቅኋት።

«ዝም ብለን ጠግነን ብንሄድ ኖሮ ጥፋቱ በሴትዮዋ ላይ እንደተለጠፈ ይቀር ነበር» አለች። «ማሽኑ ሌላ ጊዜ ቢቆም ደግሞ ያባርሯት ነበር።»

ይህን ብላ መስኮቱን ተደግፋ አንቀላፋች። እንጦጦ ወዳለው ቤቷ ገና ሌላ ታክሲና ረጅም ዳገት ይጠብቃታል። መገናኛ ስንደርስ ቀሰቀስኳትና፣ ነገ የምንሄደው ዳቦ ቤት እንደሆነ፣ ማቀዝቀዣቸው አላቀዘቅዝ እንዳላቸው ነገርኳት።

ዓይኗን እያሸች «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያስቸግራቸው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ከታክሲው እንደወረድን ስልኬን አውጥቼ ዳቦ ቤቱ ጋ ደወልኩ።