በደጀ ሰላም የማልሁት

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼን አሳድጌ ለመዳር በቅቻለሁ። ስለ ምርጫው የምጽፈው ግን ሰው ለማማት አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወረታ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ባለቤቴ እህል ይነግድ ነበር። ከቤታችን አጥር ለአጥር የሚዋሰኑን ሙስሊም ባለሱቅ ነበሩ፤ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣሉ። ሦስተኛ ልጄን ወልጄ ወባ ጥሎኝ ሳለ ልጄን ከራሷ ልጅ እኩል ያጠባችልኝ የእሳቸው ሚስት ናት።

ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ሰው ይመረጥ ተባለ። ለሰፈራችን ሁለት ወንበር ተሰጠ፤ ቤትና ቦታ ያለው ሁሉ ሁለት ሰው ይመርጣል። በዚያው ሰሞን አንድ ባለርስት፣ ከመንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች ይነሱና ወደ ታች ወደ ረግረጉ ይውረዱ የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ቦታውን ለራሱ ፈልጎት ነው፤ ለወንበሩም ተወዳደረ። ታች ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት ነው። ጎረቤታችን ሱቃቸውን ለማዳን ወንበር ፈለጉ። ባለቤቴም የእህል ተራው እንዳይነካ ፈለገ። ስለዚህ ተዋዋሉ። ክርስቲያኑ ለባለቤቴም ለእሳቸውም ድምፅ ይሰጣል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ማንበብ ለማይችለው ሲባል ለእያንዳንዱ ዕጩ ምልክት ተሰጥቶ ነበር፤ የባለቤቴ በሬ፣ የእሳቸው ፋኖስ።

ውሉ የታሰረው በእነሱ ቤት፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ጎረቤቴ ለእኛ ብላ አዲስ ምጣድና አዲስ ዋንጫ ገዝታ ጠበቀችን። የሽምብራ ቆሎ አቀረበች፣ ተልባ በጠበጠች። ሥጋ የሚባል አልነበረም።

«እቴ፣ ብዪ እንጂ! ምጣዱ እሳት ያየው ዛሬ ነው፤ ብትፈልጊ ቂጡን ገልብጠሽ እዪው» አለችኝ። ሳቅን፣ በላን።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የባለርስቱ እኅት በደጀ ሰላም ከሴቶች መካከል ጠበቀችኝ።

«አንቺዬ፣ ሁዳዴን በእስላም ሥጋ ገደፋችሁ አሉ? ባልሽ ለወንበር ብሎ ነገ መስጊድ ይሄድ ይሆናላ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ነጠላዋን ከነጠላዬ ሰበሰበች። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ቆሎና ተልባ ነው የበላነው ብል እውነቱ እሱ ነበር፤ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔም ብዙ አልናገርም፣ አልምልም፣ ሰውም በዚህ ያውቀኛል። የዚያን ቀን ግን አፌ አልመለስ አለኝ።

«በዚህች ደጅ ቆሜ እምላለሁ፤ እንኳን ሥጋቸው፣ እፍኝ ቆሏቸውም በአፋችን አልገባም! ባሌ ለድምፅ ብሎ ነው እንጂ ከእነሱ ጋር ምን አለን?»

የማትምል ሴት ማለች፤ ሴቶቹ አመኑኝ። ወሬው ሳይመሽ በየቤቱ ገባ። ሚስቱ እንዲህ ካለች ውሉ የአፍ ነው ማለት ነው፣ ተባለ።

የምርጫው ዕለት ሙስሊሞቹ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ለፋኖሱም ለበሬውም ሰጡ። የእኛ ሰዎች ለበሬው ብቻ ሰጥተው ተመለሱ። ባለቤቴ አለፈ፣ ጎረቤታችን ወደቁ። ሁለተኛውን ወንበር ባለርስቱ ወሰደው።

ሰው እንኳን ደስ ያለህ እያለ ሲገባ ባለቤቴ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እንግዳው ሲወጣ፣ «አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ።

በምክር ቤቱ ብቻውን ተከራከረ፣ ተሸነፈ። ሱቆቹ ከፋሲካ በኋላ ወደ ታች ወረዱ። በሐምሌ ውሃው ገባባቸው። ጨዉ በጆንያው ውስጥ ሟሟ፣ አቡጀዲው ጭቃ ጠጣ። ጎረቤቶቻችን የተረፋቸውን በአህያ ጭነው ዘመድ ወዳላቸው ወደ ይፋግ ሄዱ። ጭነቱን ሲያስሩ አገዝኋቸው። ያኔም ያደረግሁትን አልተናገርሁም።

ለንስሐ አባቴ በሐሰት መማሌን ነገርኋቸው። ስግደት ሰጡኝና፣ «ስግደቱን ለእግዚአብሔር ታደርሺዋለሽ፤ ይቅርታውን ግን ከጎረቤትሽ ሄደሽ ነው የምትጠይቂው» አሉኝ።

ስግደቱን ጨርሼ በገበያ ቀን ይፋግ ወረድሁ። ጨርቅ ስትለካ አገኘኋት።

«እቴ! መጣሽልኝ? ልጄስ? ጥርስ አወጣ?» አለችኝ። ያጠባችውን ልጅ «ልጄ» ነበር የምትለው። ገዢ ከቦናል። ለልጁ እጀ ጠባብ የሚሆን ጨርቅ ቀዳ ሰጠችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁና ተመለስሁ።

በሚቀጥለው ገበያ እሄዳለሁ አልሁ። አጨዳ ደረሰ፣ ልጅ ታመመ። ዓመት ሳይሞላ መሞቷን ሰማሁ።

ለቅሶ ስደርስ ባሏ ተነሥተው ተቀበሉኝ። ከአጠገባቸው ተቀምጬ በደጀ ሰላም ያልሁትን ሁሉ ነገርኋቸው።

«ታውቅ ነበር» አሉኝ። «የዚያኑ ዕለት ሰምታዋለች። እኔ ስቆጣ፣ ‹ተዉዋት፤ ጨንቋት ነው፣ ራሷ መጥታ ትነግረኛለች› ትለኝ ነበር። ያኔ በገበያ ቀን መጥተሽ ስትሄጂ፣ ‹ዛሬም አልሆነላትም› አለች።»