ጋሽ ይልማ ለሰው የማይነሡት ለምን ነበር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ማዶ፣ በምንኖርበት ኦሮራ፣ ለቅሶ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከኋላዬ አንዲት ወይዘሮ ለጓደኛቸው ሲያንሾካሽኩ ሰማሁ። «ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ። ኩራታቸው ነው እንጂ። ቄስ ሲገባ እንኳ ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር እኮ!» ጓደኛቸውም «ወታደር አልነበሩ? ወታደር እንደዚያ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ዞሬ መልስ ልሰጥ ቃጣኝና ተውኩት። ለቅሶ ቤት ሟችን ማማት የቆየ ነው፤ ሟች ተነሥቶ አይከራከር። የተቀመጥነው በሟቹ በጋሽ ይልማ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ቤቱ ለሰው አልበቃም። ጥግ ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውኃና የወረቀት ሳህን ተደርድሯል፤ ከመካከሉ በአሮጌ አንሶላ የተሸፈነ አንድ ነገር ቆሟል። አብዛኛው ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ግን ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትቼ የገጠምኩት ነው።

ያኔ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነበር። ከደሴ በመጣሁ በዓመቱ የጋሽ ይልማን ቤዝመንት ተከራይቼ እኖር ነበር። የምሠራው ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ በሚሄደው አውቶቡስ እያንቀላፋሁ እወርዳለሁ። አባቴ ደሴ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። እኔም እጄ ዘይት ሳይለየው ነው ያደግሁት፤ ለዚህ ይሆናል ከሰው ይልቅ ማሽን ቶሎ የሚገባኝ።

ጋሽ ይልማ አገር ቤት ሳሉ የጦር መሣሪያ ጥገና ላይ ነበሩ። እዚህ የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ መኪና ይነዱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ይባላሉ፤ አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፣ ሄኖክ። ሄኖክ በጨቅላነቱ ስለመጣ አማርኛ ይሰማል እንጂ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። የአባቱ እንግሊዝኛ ደግሞ ሻንጣ ከማስጫን አያልፍም። አባትና ልጅ በደንብ የሚግባቡት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ከኦሮራ በስተምሥራቅ፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ሜዳ ላይ ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ሲሄዱ። እዚያ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ጥይቱን ራሳቸው ጋሽ ይልማ ይሠሩታል። ተተኩሶ የወደቀውን ቀለሃ ለቅመው ያመጡና ጠረጴዛው ላይ በታሰረው ማሽን እንደገና ይሞሉታል። እጀታው አንዴ ሲሳብ ባሩዱ ይወርዳል። ከዚያ ቀለሃዎቹ የተሰኩበትን ክብ ሳህን በጣት አንድ ቦታ ማዞር ነው፤ በሚቀጥለው ስበት እርሳሱ ይገጠማል። ሳብ፣ አዙር፣ ሳብ፣ አዙር። እኔ ቤዝመንት ሆኜ ድምፁን ስሰማው የአባቴ ሱቅ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

በረዶ መጣል በጀመረ ሰሞን እትዬ ጽጌ ታመው አረፉ። ለቀስተኛው የሚገባው በጋራዡ በኩል ነበር፤ የፊት ለፊቱ ደረጃ በረዶ ጋግሮ ሰው ያዳልጣል። ጋሽ ይልማ ሳሎን መቀመጥ አልሆንላቸው አለ። ማሽናቸው ዘንድ ሄደው ተቀመጡ። ዘመድ ቢቆጣም «እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ፣ ተዉኝ» አሉ። ተዋቸው።

ለቀስተኛው ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር እጀታውን ለቀው ብድግ ይላሉ። «ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ ሐዘንተኛ አይነሣም፣ ቁጭ በሉ!»

ይነሣሉ እንጂ። እንኳን ለሽማግሌ፣ ለእኔ ቢጤዋ ተከራይ እንኳ ይነሡ ነበር። ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቀበል ለእሳቸው ትልቅ ነውር ነው። እንግዳውን ስመው፣ ተላቅሰው፣ ወደ ሳሎን አሳልፈው ይመለሱና እጀታውን ይይዛሉ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አባትና ልጅ ወደ ሜዳው ሄዱ። እኔ አልነበርኩም። የደረስኩት ሆስፒታል ነው። ሽጉጡ ሄኖክ እጅ ላይ ፈንድቶ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ የሉም። የነርስነት ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ ነበር የቀረው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይኼ ነው።

ጋሽ ይልማ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። «ሰብለ፣ አንቺ ማሽን ታውቂያለሽ። ባሩድ አብዝቶ አውርዷል። ምኑ ጋ እንደተበላሸ ፈልጊልኝ።» ቁጣ አልነበረበትም፣ ልመና ነበር። ማሽኑ ከተበላሸ ክፉ ዕድል የደረሰባቸው አባት ናቸው። ማሽኑ ደህና ከሆነ ግን ምን እንደሚሆኑ እሳቸውም እኔም ልናስበው አልፈለግንም።

ከሥራ ስመለስ ጋራዡን ከውስጥ ቆልፈን እንቀመጣለን፤ ሰው እንዳይረብሸን ነው። ባሩድ ማውረጃውን ፈታሁት። የዚህ አገር ክረምት አየሩ ደረቅ ነው፣ የበር እጀታ ስትነኩ እሳት ይተፋል፤ ባሩዱ በዚያ ምክንያት ፕላስቲኩ ላይ እየተጣበቀ ድንገት የሚወርድ መስሎኝ ጠረግሁት። የላላ ብሎን አጠበቅሁ። የደከመ ስፕሪንግ ቀየርኩ። ከዚያ እየሳብን የወረደውን ባሩድ ሁሉ በትንሿ ሚዛን መዘንን። ልክ ነው። እንደገና፣ ልክ ነው። ማሽኑ ልክ በሆነ ቁጥር የጋሽ ይልማ ፊት ይጠቁራል። «ይዋሻል!» አሉ አንድ ቀን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚለው ተረት ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥሁት። ሲቃ የያዘው ሰው ላይ አይተረትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለወጣ አየር ይግባ ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ሥራ ላይ ነን። እጀታውን ሳቡ፣ ባሩዱ ወረደ። በዚህ መሐል ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ለሄኖክ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ገቡ።

ጋሽ ይልማ ብድግ አሉ። «ኖር!»

«በእግዜር፣ አይነሡ! ልጁ እንዴት ዋለ?»

«እግዜር ይመስገን።» ፔርሙዙን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ወንበር አቀረቡላቸው፣ መርቀው አስቀመጧቸው። ተመልሰው ተቀመጡና እጀታውን ሳቡ።

ዐይኔ ሳህኑ ላይ ነበር። ሳህኑ አልዞረም፤ ባሩዱ ያው ቀለሃ ላይ ደግሞ ወረደ።

ቀለሃውን አውጥቼ ሚዛኑ ላይ ገለበጥኩት። እጥፍ ነው። የዚያ ሽጉጥ ቀለሃ እጥፉንም ዋጥ አድርጎ ይይዛል፤ ካልመዘኑት ወይም ጎንበስ ብለው ካላዩት አይታወቅም። ጋሽ ይልማ ሚዛኑን አዩት። ከዚያ ያቀረቡትን ወንበር አዩት።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ እትዬ አልማዝ።

ጋሽ ይልማ ወደ እኔ ዞረው «ሰብለ፣ ለጽጌ ለቅሶ ማን ማን መጥቶ ነበር?» አሉኝ።

«ሰው ሁሉ» አልኳቸው።

በለቅሶው ሰሞን ከሞሏቸው ጥይቶች የቀሩትን በቆርቆሮ አስቀምጠዋቸው ነበር። ሁሉንም ፈታናቸው። ሌላ እጥፍ የያዘ አልተገኘም። የተበላሸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ልጃቸው እጅ ገባ።

ያን ዕለት ማታውን ሳይጠብቁ ወደ ሄኖክ ክፍል ወጡ፤ እኔ አጥሚቱን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ሄኖክ ቀና አለና «ሶ፣ ዲድ ዩ ፊክስ ኢት?» አለ፤ ማሽኑን አበጃችሁት ወይ ማለቱ ነው።

«ማሽኑ ምንም አልሆነ ልጄ። እኔ ነኝ።» ከዚያ ቆመው ሁሉንም ነገሩት፤ ሳህኑን፣ በሩን፣ ለቀስተኛውን፤ ለአንዱ ሲነሡ ማዞሩን ረስተው እጀታውን ደግመው መሳባቸውን። ሄኖክ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ጠዋት ጠዋት አባት የልጁን ሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ልጅ ደረቱን ይሰጣል እንጂ አይናገርም። ብዙ ቤት ፀብ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ግን ያስፈራኝ የለም። ማሽኑ በአንሶላ ተሸፈነ፤ ሳህኑን ያዞረውም የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ይልማ መነሣት ያቆሙት። ሰው ሲገባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ያየሁት ሁለት የማኅበር ሽማግሌዎች ሊጠይቁ የመጡ ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆሙ፣ የሚነሣላቸው ጠፋ። እኔ አፈርኩ። ሄኖክ ሶፋው ላይ ነበር። አባቱን አየ፤ ጋሽ ይልማ ዐይናቸውን ከጉልበታቸው አላነሡም። ቆይቶ፣ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ተነሣ።

«ኖር» አለ፣ በዚያ በተኮላተፈ አማርኛው።

ጋሽ ይልማ ያኔ አለቀሱ። እትዬ ጽጌ ሲሞቱም እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። የሄኖክ እጅ አልተመለሰለትም፣ ነርስም አልሆነ። ዛሬ የሚሠራው ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ተቀባይ ሆኖ ነው። አባቱን ይቅር ብሎ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ለእንግዳ የሚነሣው እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር። የጋራዡ በር በተከፈተ ቁጥር ሄኖክ ይነሣል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ በሦስት ጣቱ የሰው እጅ ይጨብጣል። «ኧረ ሐዘንተኛ አይነሣም» ይሉታል። ይነሣል።

ከኋላዬ ያሉት ወይዘሮ ይኼን ሲያዩ ቆይተው ጓደኛቸውን ጎሸም አደረጉ። «ልጁ እንኳ ሰው አክባሪ ነው። እናቱን ወጥቶ ይሆናል።»

አሁን ግን አልተውኩትም። ዞርኩላቸው።

«የለም እትዬ» አልኳቸው። «አባቱን ነው።»