ጨርር የሚለው ማሰሪያ

ታላቅ ወንድሜ ሁለቱም እግሮቹ ላይ ብረት ያስር ነበር። ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ፣ ጉልበቱ ጋ የሚቆለፍ የእግር ድጋፍ ነው። በልጅነቱ ከታመመ ወዲህ ያለ እሱ ጉልበቶቹ አይቆሙለትም። ብረቱን እግሩ ላይ የሚይዙት ደግሞ ማሰሪያዎች ናቸው፤ በየእግሩ አራት አራት።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሞተ። ከእግሩ ጋር ምንም የማይገናኝ በሽታ ነው። ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አልሆነልኝም። ስለ ማሰሪያው ግን የምችል ይመስለኛል።

የድሮዎቹ ማሰሪያዎች ቆዳ ነበሩ። ሀዋሳ ውስጥ በክረምት ቆዳ ማሰር ምን እንደሆነ ያየሁት ፒያሳ ላይ ነው። ዝናብ ያዘን። ቆዳው ውኃ ጠጣ፣ ተለጠጠ፣ ብረቱ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ወንድሜ አንድ ካፌ በር ላይ ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ፣ ቁመቱ እያጠረ ሄደ። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ጃንጥላውን ዝቅ አደረግኩለት።

"ጩጬ፣" አለኝ መሬት ላይ ቁጭ ካለ በኋላ፣ "ጃንጥላውን ተውና እኔን ያዝ።"

ቆዳው ሲደርቅ ደግሞ እንደ ቋንጣ ደረቀ። ሲራመድ ይንቋቋል። እናታችን እሱ የት ክፍል እንዳለ በድምፁ ታውቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን የውኃ ጥምቀት የሚደረግበትን እሑድ አስታወቀች። ወንድሜ የጥምቀት ትምህርቱን ጨርሷል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ገንዳው ከአዳራሹ ጀርባ ነው። አምስት ደረጃ ይወርዳል፣ ውኃው ደረት ጋ ይደርሳል። አንድ ዲያቆን ቤታችን ድረስ መጥቶ በደግነት፣ "አንተ አታስብ፣ ሁለት ሆነን በወንበር እናወርድሃለን" አለው።

"እንደ ሶፋ?" አለ ወንድሜ።

ዲያቆኑ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። ይሄ እንግዳ ነገር ነው፤ በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበርና። ዲያቆኑ ከሄደ በኋላ እንዲህ አለኝ።

"ትምህርት ቤት ተሸክመውኛል። ሰርግ ተሸክመውኛል። አንዴማ የማላውቀው ሰው ሰርግ ላይ ተሸክመው አስገብተውኛል፣ በልቼ ነው የወጣሁት። እዚህ ውኃ ውስጥ ግን በእግሬ ገብቼ በእግሬ ነው የምወጣው። ማሰሪያ ፈልግልኝ። ውኃ የማይፈራ። ምርጫው ያንተ ነው።"

"ገንዳው ውስጥ ቢፈታስ?"

"ከውኃው ሥር ሆኜ ስምህን እጠራለሁ።"

ሦስት ሳምንት ነበረን።

መጀመሪያ መሃል ከተማ ጫማ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። የደረቀውን ማሰሪያ አገላብጠው አዩና፣ "ቆዳው ምን አጠፋ ልጄ? ሞራ ቀባው፤ ውኃ ዝር አይልበትም" አሉኝ። አዲስ ቆዳ ቆረጡልኝ። ቤት ወስጄ ሞራ ቀባሁት። ሁለት ቀን ቤታችን ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ሸተተ፤ የጎረቤት ውሻ በር ላይ ተኝቶ አልሄድም አለ።

ለመሞከር ሐይቁ ዳር ወረድኩ፣ ዓሣ ገበያው ጋ። ሳፋ እያለ ለምን ሐይቅ ድረስ እንደሄድኩ አሁን ሳስበው አላውቅም። ግማሽ ሰዓት ነክሬ አወጣሁት። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው፤ ውኃው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ደስ ብሎኝ ድንጋይ ላይ አሰጣሁትና ዞር ብዬ ለወንድሜ ደወልኩ። "ተገኘ" እያልኩት አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቁ ወፍ፣ የዓሣ አንጀት የለመደው፣ ረጋ ብሎ መጥቶ ማሰሪያውን አነሳና ዋጠው።

"ምን ሆነ?" አለ ወንድሜ በስልኩ።

"አባ ኮዳ በላው።"

"ማሰሪያውን?"

"አዎ።"

"ወደደው?"

አንገቱ ውስጥ ሲወርድ እያየሁ ነበር። "የወደደው ይመስላል" አልኩ። አጠገቤ ዓሣ የሚገፍፈው ሰውዬ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቢላውን አስቀመጠ።

ቀጥሎ ባጃጅ የሚጠግን ሰው ጋ ሄድኩ። እሱ ከጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ መከረኝ። "ይሄ እኮ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው፤ ቀዳዳውን የምንፈልገው ነክረን አይደል?" አለ። አሳማኝ ነበር። ቆርጦ ሰጠኝ፣ አሰርንለት። ውኃ ምንም አላደረገውም። ነገር ግን ላስቲኩ ላብ ያመጣል፤ እግርና ላስቲክ ከላብ ጋር ሲገናኙ ደግሞ በየእርምጃው አሳፋሪ ድምፅ ይወጣል። ወንድሜ ከሳሎን እስከ በር ስድስት እርምጃ ሄደ። ስድስቱንም ሰማን።

"ምን በልተህ ነው?" አለች እናታችን ከጓዳ።

ማታ ሲፈታው እግሩ ላይ ቀይ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ነበር። ተውነው። "ብቻ ያን ድምፅ መዘምራን ፊት አላሰማም" አለ።

አንድ ሳምንት ሲቀረን መልሱን ያገኘሁት ጀርባዬ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ያን ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲመታው ማንገቻው ምንም አልሆነም። ፒያሳ ቦርሳ የሚሰፋ ልጅ ጋ ሄጄ ጠየቅኩት። በሲዳምኛ የያዘውን ወሬ አቋርጦ በአማርኛ፣ "ናይለን ነው ወንድም። ውኃ አይጠጣም፣ አራግፈህ ታስራለህ" አለኝ። ጫፉ ላይ በዘለበት ፈንታ ያን ጫማና ቦርሳ ላይ የሚደረገውን፣ ሲላቀቅ ጨርር የሚለውን ማጣበቂያ ሰፋልኝ። አንዱ ፊቱ ለስላሳ፣ አንዱ ፊቱ ጥቃቅን ጥርስ ያለው። እኛ ቤት ስሙ "ጨርር" ሆኖ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሐይቅ አልሄድኩም። በሳፋ ውኃ ነከርኩት፣ በጨው ውኃ፣ በሳሙና ውኃ፣ አንድ ሌሊት አሳደርኩት። መጨረሻ ላይ ብረቶቹን ራሴ እግር ላይ አስሬ ሻወር ሥር ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ። እናታችን በሩን ከፍታ አየችኝ፤ እንደ ምሰሶ ተገትሬአለሁ፣ ጉልበቴን ማጠፍ አልችልም።

"ደህናውም ታሰረ" አለችና በሩን ዘጋችው።

አልተፈታም። ለጥንቃቄ ብዬ እያንዳንዱን ማሰሪያ አራት ጣት ያህል አስረዘምኩት። ወንድሜ ተንጠልጣዩን ጫፍ እያየ፣ "ጅራት አበጀህልኝ" አለ። እዚህ ላይ መስማት ነበረብኝ።

እሑድ ደረሰ። ወንድሜ ቁምጣና አጭር ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ የደረጃውን ዳር የብረት ቧንቧ ይዞ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ እኔ በሆዴ እቆጥራለሁ። አምስት። ማሰሪያዎቹ ያዙ። ዲያቆኖቹ ወንበሩን ለማንኛውም ይዘው ቆመዋል። ፓስተሩ ሰፊ ነጭ የጥጥ ጋዋን ለብሰው ውኃው ውስጥ ይጠብቁታል። ጋዋኑ ታጥቦ ታጥቦ እንደ ፎጣ ፀጉር ያወጣ ነው፤ ውኃው ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ማሰሪያዬን በውኃ፣ በጨው፣ በሳሙና ፈትኜዋለሁ። በጋዋን አልፈተንኩትም።

ፓስተሩ ወንድሜን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብለው ወደ ኋላ ሲያጠልቁት እግሮቹ ወደ ላይ ተነሱ። ሲነሳ እልልታው ቀለጠ፣ መዘምራን ጀመሩ። ወንድሜ ዞሮ ወደ ደረጃው ሄደ። ፓስተሩም አብረውት ሄዱ።

"ቆይ፣ ቆይ ወንድሜ" ሲሉት ሰማሁ። ወንድሜ ግን በወንበር እናውጣህ ሊሉኝ ነው ብሎ አሰበ። ቧንቧውን ጨብጦ መውጣት ቀጠለ። ፓስተሩ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ፣ በጎን፣ ጋዋናቸው ወደ ፊት እየተጎተተ ተከተሉት። አንድ ደረጃ። ሁለት። ምእመኑ መንፈስ መስሎት እልልታውን ጨመረ። መዘምራን ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ ያንኑ አዝማች ሦስት ጊዜ ደገሙ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም አልነካውም። ፓስተሩ ጎንበስ ብለው የጋዋናቸውን ጫፍ ከባቱ ማሰሪያ ላይ ሳቡ፤ ዲያቆኑ ማይክሮፎኑን አቅርቦ ኖሮ ግቢው ሁሉ ሰማው።

ጨርርርር።

ፓስተሩ ቀና አሉ፣ ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል። "ብዙ ሰው ከውኃ አውጥቻለሁ" አሉት። "እኔን ያወጣኝ ግን አንተ ነህ።"

ወንድሜ ሳቀ። አንገቱን አዙሮ በሕዝቡ መሃል እኔን ፈለገኝ፣ አገኘኝ፣ በጣቱ ወደ እግሩ ጠቆመኝ። ጅራቱን።

ከሞተ በኋላ ብረቶቹ አልጋው ሥር ብዙ ወር ተቀመጡ። በቅርቡ እናታችን ለሌላ ሰው ይጠቅማሉ አለች። የእግር ድጋፍ የሚሠራበት ቦታ ወሰድኳቸው። ባለሙያዋ እያገላበጠች አየችና፣ "ማሰሪያው ገና ደህና ነው" አለችኝ። "ጥርሱ ቆሻሻ ስለያዘ ነው እንጂ። ብታጸዳው ሳንቀይር እንሰጠዋለን።" መርፌ ቁልፍ ሰጠችኝ።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ለቀምኩ። የካልሲ ክር ወጣ፣ የብርድ ልብስ ጸጉር ወጣ። አንድ ማሰሪያ ጫፍ ላይ፣ እኔ ያስረዘምኩት ጋ፣ ነጭ የጥጥ ክር ነበር። እሱ አልወጣ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልጎተትኩትም።

መልሼ ስሰጣት መዝገቧን ከፍታ፣ "ለሚወስደው ሰው የሚነገር ነገር አለ?" አለችኝ።

አሰብኩ። "ማሰሪያው ውኃ አይፈራም" አልኩ። "ብቻ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አጠገብ ሲቆም ይጠንቀቅ።"

ጻፈችው። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።