የአማቴ ስልክና አሥራ አምስቱ ቁጥሮች

በልደታ ውስጥ እኔ ያልከፈትኩት ነገር ቢኖር የገነት በር ብቻ ነው፤ እሱንም አምጥቶ ያሳየኝ ሰው ስለሌለ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ጎረቤት የሚጠራው እኔን ነው። የተዘጋ ሻንጣ፣ አልበራም ያለ ቴሌቪዥን፣ ክዳኑ አልላቀቅ ያለ የማር ዕቃ፣ ሁሉም በእጄ አልፈዋል። ካለፉ በኋላ ምን እንደሆኑ ግን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ሻንጣው ዛሬ የድመት መኝታ ነው። ቴሌቪዥኑም ድምፅ እንጂ ምስል ስለማይሰጥ ባለቤቱ «ትልቁ ሬዲዮ» ይለዋል።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ስልካቸውን በእጄ የጣሉት። ምን ያድርጉ፣ አፌ ቀደማቸው።

ስልኩን የላከችላቸው አሜሪካ ያለችው ትንሿ ልጃቸው፣ የሚስቴ እህት ናት። በመንገደኛ ሻንጣ፣ ሦስት ካልሲ ለብሶ መጣ። አማቴ የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ሲያወልቁለት የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባቸው የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። ስልኩ ልጃቸው ራሷ ስትይዘው የነበረ ነው። አዲስ የተወለደችውን የልጅ ልጃቸውን ፎቶና ቪዲዮ፣ ከመጀመሪያዋ ማዛጋት ጀምሮ፣ ሞልታበት ነው የላከችው።

ሲም ካርዳቸውን ከአሮጌው ባለ ቁልፍ ስልክ አውጥቼ አስገባሁት። መስተዋቱ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቅ አለ። ሚስቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበችው፤ ስልኩ ከተገዛበት ኩባንያ ሲም ሌላ አልቀበልም ይላል አለች። ቀጥላም እንዲህ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ ተወስዶ እንደሚከፈት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋም እዚያ እንዳስከፈተች ነገረችን።

«ሜክሲኮ?» አልኩ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ?»

በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው የታሰርኩት።

የስልኩ መከፈት ለአማቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ስልኩ በመጣ በሁለተኛው እሑድ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ክርስትና ትነሣለች። ወሩም በዚያው እሑድ ስለሚገባ አማቴ የልደታ ጽዋ ማኅበራቸውን የሚጠጡት ያን ዕለት አብነት ሰፈር፣ ከአንዲት ማኅበርተኛቸው ቤት ነው። ልጃቸው እዚያ በሰው አገር ቤተ ዘመድ የላትም። «ልጄ ልጇን ስታስጠምቅ አንድ እልል የሚል ሰው ይታጣ?» ብለው ነበር አማቴ። ስለዚህ ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ ቃል ገብተዋል፤ ስልካቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ክርስትናውን በቪዲዮ ያያሉ፣ ውሃው ሕፃኗን ሲነካት እልልታው ከአብነት ይወጣል።

የእኔን ስልክ ይውሰዱ ብያቸው ነበር። የእኔ ስልክ ከደረጃ ወድቆ መስተዋቱ ስለተሰነጣጠቀ ሕፃኗ ባለ ሦስት አፍንጫ ሆና ነው የምትታየው። እንግዲያው ከስልኬ ኢንተርኔት ላጋራዎት፣ አጠገብዎ ሆኜ ይሠራል አልኳቸው። አማቴ ትንሽ አሰቡና፣ «አንተ ለሽንት በወጣህ ቁጥር ልጄም አብራህ ልትወጣ ነው?» አሉኝ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሥራ ጀመርኩ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው፣ አፉ ውስጥ ድንች ያለ ይመስል እየተንተባተበ፣ ስልክን እንዴት ሩት እንደሚያደርጉ ያስተምራል። ሩት ማድረግ ማለት በስልክህ ላይ ሙሉ ጌታ መሆን ነው። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ቡትሎደር የሚባለውን ማስከፈት አለብህ። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃ ዘበኛ ነው፤ እሱ ያላወቀው ነገር አይገባም። ሰውዬው እንዳለው ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ አንዲት መስመር ሰባት ጊዜ ነካሁ። ሰባት ጊዜ፣ እንደ ጠበል። ስልኩ ከአሁን ጀምሮ የሶፍትዌር ባለሙያ መሆኔን በጽሑፍ አበሰረኝ። ያን ምሽት ራቴን የበላሁት በባለሙያ ወግ ነው፤ ጨው አቀብሉኝ እንኳ ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ቡትሎደሩን የምትከፍተዋ ቁልፍ ግን ግራጫ ሆና ተኝታለች። ብነካት አትሰማ፣ ብጫናት አትሰማ፤ ሳምንት አለፈ። የሚስቴን ላፕቶፕ ለመንኩ፤ በገመድ አገናኘሁት፤ ሰውዬው ያለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ስልኩ ጠቆረና መሐሉ ላይ ሆዱ የተከፈተ አረንጓዴ ሮቦት በጀርባው ተንጋሎ ታየ። በዚያች ሰዓት አማቴ ከመኝታ ቤት ወጡ።

«ሞተ?» አሉ።

«ኦፕሬሽን ላይ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸውን ከሮቦቱ ወደ ልደታ ማርያም አዙረው አማተቡ። እኔም በልቤ አማተብኩ። ስልኩ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በራሱ ጊዜ ነቃ፤ እንዴት እንደነቃ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለእሳቸው ግን እኔ እንዳነቃሁት ነገርኳቸው።

በማግሥቱ የሽንፈት መንገድ ያዝኩ። ዳቦ ልገዛ ብዬ፣ ስልኩን በኪሴ ደብቄ፣ ሜክሲኮ ሄድኩ። ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ፣ የልብስ ቁም ሣጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ስልክ ትጠግናለች። ገና ሰላም ስላት «ምን ልርዳህ ፋዘር?» አለችኝ። ፋዘር። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ቢልም ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው ነበር የምፈልገው።

ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። መፍቻዋን አስቀመጠችና እንደ ሐኪም አየችኝ። የስልኩ ቁልፍ ሁለት መሆኑን ያን ዕለት ከእሷ ሰማሁ። አንዱ ኩባንያው የሌላ ሲም እንዳይገባ የቆለፈው ነው። ሌላው ቡትሎደሩ ነው። ሲም ለማስገባት ቡትሎደሩ ሰላም ይተኛ፤ ምንም አያገባውም።

«ቡትሎደሩ ቢከፈትልህ ኖሮ» አለች፣ «ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋ ነበር። ፎቶ ነበረበት?»

የሕፃኗ የመጀመሪያ ማዛጋት በዓይኔ ላይ መጣች። የሱቋን በር ይዤ ቆምኩ። ከአንድ ሳምንት በላይ ዘር ማንዘሯን ስሰድባት የሰነበትኩት ያቺ ግራጫ ቁልፍ ናት ለካ ቤቴን ያተረፈችልኝ።

መፍትሔው የሕፃን ሥራ ነበር። ስልኩን የገዛችው ልጅ ራሷ ኩባንያውን ክፈቱልኝ ብላ ብትጠይቅ በአንድ ቀን ይከፍቱታል። ከእኛ የሚያስፈልገው የስልኩ መለያ ቁጥር ነው። ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል ብላ ደወለች፤ አሥራ አምስት ቁጥር ተደርድሮ መጣ። ልታነብልኝ ስትል ከእጇ ወሰድኩት። እኔው ራሴ ጻፍኩ፣ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ስቤ።

«መነጽር ረስተህ ነው ፋዘር?»

«እኔ?» አልኳት። «እዚህ ቆሜ የእንጦጦን ዛፍ እቆጥራለሁ።»

ቤት ስገባ ዳቦ ረስቻለሁ፤ ነገር ግን አዲስ ዘዴ ይዣለሁ። ዘዴውን ስልኩን ሳጠና ራሴ እንደደረስኩበት ለቤተሰቡ አብራራሁ። ወደ አሜሪካ ደውለን ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ እንደ ዲያቆን በዜማ አነበብኩላት። ጠየቀች። በማግሥቱ መልስ መጣ፤ በዚህ ቁጥር የሸጥነው ስልክ የለም አሏት። እንደገና አንብብልኝ አለች። ከዚያው ከወረቀቱ እንደገና አነበብኩ፣ አሁን ያለ ዜማ። መልሱ ያው ሆነ።

እኔ ምክንያት አላጣም። ኩባንያው ስልኩ አብነት ሊሄድ መሆኑን ሰምቶ ቀንቶ ነው አልኩ። ፈረንጅ መዝገብ መያዝ አይችልም አልኩ። ዓርብ ደረሰ።

ዓርብ ከሰዓት አማቴ ካልሲዎቹን ይዘው ሳሎን መጡ። አማቴ ሲበሳጩብኝ አንቱ ይሉኛል፤ ያኔ ነው የምፈራቸው።

«እርስዎ ብዙ ደከሙ» አሉኝ። «ለማኅበርተኞቼ አልሆነም እላቸዋለሁ። ይበቃል።»

አንዱን ካልሲ አለበሱት። ሁለተኛውን ሊያለብሱት ሲሉ እጃቸው ቆመ። ያንን ቁጥር እስቲ አንድ ጊዜ አሳዩኝ አሉ። ካልሲውን መልሰው አወለቁና አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አኖሩ። ኮከብ፣ መሰላል ብዬ አወጣሁላቸው። ሚስቴ የእኔን ወረቀት ያዘች። አማቴ አንዷን ቁጥር በጣታቸው እየሸፈኑ፣ ሌላዋን እየገለጡ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ማንበብ ጀመሩ። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ «ሦስት» አሉ።

«እዚህ ስምንት ነው የሚለው» አለች ሚስቴ።

«ሦስት ናት።»

ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ እኔ ዜሮ ያልኳት ስድስት ሆና ተገኘች። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት መመርመር ጀመርኩ፤ ያ ሰዓት እንዲህ ትኩረት አግኝቶ አያውቅም።

«ስልኩ ቁጥሩን ቀይሮት ይሆናል» አልኩ።

አማቴ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ይህ በጣም ከበደኝ።

ትክክለኛው ቁጥር በዚያው ሰዓት ተላከ። ቅዳሜ ከሰዓት ተከፍቷል የሚል መልስ መጣ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ሲሙን ተቀበለ፤ ከላይ ጥግ ላይ የኔትወርኩ ዘንጎች ደረጃ በደረጃ ቆሙ። አማቴ ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ። «ከራሴ ስልክ ነው» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።

እሑድ አብነት ድረስ አደረስኳቸው። ልሰናበት ስል ማኅበርተኞቹ ቁጭ በል አሉኝ። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ነጠላ የለበሱ እናቶች ተቃቅፈው ተቀመጡና ስልኩን የዳቦው መሶብ ላይ አስደግፈው አቆሙት። እዚያ ገና ማለዳ ነው። ካህኑ ታዩ፣ የሚስቴ እህት ታየች፣ ነጭ የለበሰች፣ አፍንጫዋ አንድ ብቻ የሆነ ሕፃን ታየች። ውሃው ሲነካት ጮኸች። አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልልታውን ለቀቁት። አሥራ ሁለቱ ተከተሉ። ከቤቱ አጠገብ ያለው የጋራዥ መዶሻ ቆመ፤ መንገደኛው ቆመ፤ ምናልባት ሜክሲኮ ላይ ባቡሩም ቆሟል። እዚያ ማዶ ካህኑ ደንግጠው ቀና አሉ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሲገባቸው ሳቁ። የሚስቴ እህት እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ልጇን ወደ ስልኩ ከፍ አደረገችልን። እልልታው ሰባት ጊዜ ተደገመ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እንኳ አልጨመርኩበትም።

ሲረጋጉ ስልኩን ማን ከፈተው የሚል ጥያቄ ተነሣ። አማቴ ሳያመነቱ «አማቼ ነው» አሉ። ምርቃት እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ያልሠራሁበትን ምርቃት እንዲህ በደስታ አሜን ያልኩበት ቀን የለም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ከቦርሳቸው ስልካቸውን አወጡ። «እስቲ ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምን እያለችኝ ነው?» ብለው ሰጡኝ። ጽሑፉ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። ክንዴን ዘረጋሁ፤ ጨረስኩት፤ ሌላ ክንድ የለኝም። ቤቱ ሁሉ መልሴን ይጠብቃል። አማቴ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ባለ ክሩን፣ በእጄ ላይ አኖሩት። አደረግሁት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጥተው ቦታቸውን ያዙ፤ ሴትዮዋ «የስልክዎ ቦታ ሞልቷል» ነበር የሚባሉት።

የቅርብ ነገር አላይም። ሐኪም ያዘዘልኝ መነጽር ከሁለት ዓመት ጀምሮ በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ያን ዕለት አብነትም፣ ሜክሲኮም፣ ቁጥሩን ሁለቴ በስሕተት ሳነብም እዚያው ነበር። ያላደረግሁት ሽማግሌ እንዳልባል ነው።